የወይራ አምባው መሐላ

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሃያ ሁለት ቀን፣ ዕለተ ቅዳሜ፣ ከመርሳ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው ወይራ አምባ ከግርጌው እስከ አናቱ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነጋ። ክረምቱ ደኅና ዘንቦ ነበር፤ ማሽላው ራሱን አውጥቷል፤ ጤፉም የሚያርመው አጥቶ እንኳ አምሮበት ቆሟል። ምን ያደርጋል! ከተማይቱ በጦር ከተያዘች ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንኩ ተዘግቷል፤ በሰሜን ወልድያም እንዲሁ ተይዛለች፤ በደቡብ ከውርጌሳ ማዶ መድፍ ያጓራል። የመርሳ ሰው በገዛ አገሩ እንደ ታጎረ ከብት በየግቢው ቆሞ ተራራ ማየት ብቻ ቀረው።

በደኅናው ዘመን ቢሆን ያ ቀን የአምባው ቀን ነበር። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ክርስቲያኑም እስላሙም ተቀላቅሎ ወይራ አምባን ይወጣል፤ በየምልክቱ ይቆማል፤ በየምልክቱም አንድ ሰው ተነሥቶ የቦታውን ታሪክ ይመሰክራል፤ ሽማግሌዎች ደግሞ "እዚህ ላይ ዘለልክ!" "እዚህ ላይ ጨመርክ!" እያሉ ያርሙታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያን ምስክርነት የሰጡት መምህር ፍቅሩ ነበሩ፤ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ አንድ ቃል እንኳ ተዛብቶ ሲነገር የሚያማቸው ሰው። እንዲያውም ሰው "መምህር ፍቅሩ ለቀልድም አይዋሹም" እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ያን ለት ግን መምህር ፍቅሩ የሚያዩት አምባውን አልነበረም፤ ከጓዳቸው ጥግ በእርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠችውን ማሰሮ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ መብራት ከጠፋ ወዲህ ኢንሱሊኑን ከሙቀት የምትጠብቀው ያች ማሰሮ ናት። በውስጧ ያለችው ብልቃጥ ግን ልታልቅ ነው፤ መጠኑን ቀንሰው ቀንሰው ቢያብቃቁት የሦስት ቀን ቢሆን ነው። ጎረቤታቸው ነኢማ "እኔ ላምጣልዎ እትዬ" ብላ በአምባው ጀርባ፣ ጉሬዛ በር በምትባለው ቀጭን መንገድ፣ በአምባሰል በኩል ወደ ሐይቅ ከሄደች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። በዚያች መንገድ ጨውና የሕፃን ወተት ይገባል፤ ነፍሰ ጡርና ቁስለኛ ይወጣል። የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ከአገሩ ሰው በቀር ግን የሚያውቃት የለም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። የቆመው የጦሩ አዛዥ ነበር፤ ጸጉሩ ሽበት የጣለበት፣ አማርኛው የጠራ፣ አክብሮቱ ከቁጣ ይልቅ የሚያስፈራ ሰው።

"መምህር ፍቅሩ እርስዎ ነዎት? ዛሬ የአምባው ቀን ነው ሲሉ ሰማሁ። ይምጡና ያስጎብኙኝ።"

"ወደ አምባው የወጣ ይተኮስበታል ብላችሁ አውጃችኋል።"

"ያወጅኩት እኔ ነኝ፤ የፈቀድኩትም እኔ ነኝ።" ዓይኑ ከመደቡ ላይ ወዳለው መርፌ ሄደ። "ስኳር ነው? በሣጥናችን ሁለት ብልቃጥ አለ። ወጥተን ስንወርድ እንነጋገርበታለን።"

ለመምህር ፍቅሩ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ሰውዬው የሚፈልገው ታሪክ አይደለም፤ መንገድ ነው። ነጠላቸውን ሲያጣፉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ አዛዡ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ፍቅሩ፣ እኔን ብለህ ሰው እንዳታስበላ" አሉ።

በመንገዱ ላይ በሩ ሁሉ ተዘግቷል፤ ከበሩ ኋላ ግን ዓይን ነበር። መምህሩ ከአዛዡ ጎን ሲያልፉ ያ ሁሉ ዓይን ጀርባቸው ላይ ሲያርፍ ተሰማቸው፤ "ተገድጄ ነው" ብለው መጮኽ አይቻል፤ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ከኋላቸው ሁለት ጠመንጃ ያዦች ተከተሉ፤ ከእነሱም ኋላ ሙጃሂድ የተባለ የሐብሩ ወረዳ ገበሬ፣ በአምባው አናት ላይ ለሰፈሩት ወታደሮች ውኃ እንዲያመላልስ የተገደደ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ያዘግማል።

የመጀመሪያው ምልክት ደወል ድንጋዩ ነው። መምህር ፍቅሩ እንደ ልማዳቸው ቆሙ፤ ሌላ ምን ያድርጉ? "በኅዳር በሽታ ጊዜ" ብለው ጀመሩ፣ "የዚህ ደብር ካህናት በሦስት ቀን አለቁ፤ ያችን ድንጋይ የሚመታ ጠፋ። የታችኛው መንደር እስላሞች ዝም ማለቷ አሳሰባቸው፤ ወጥተው አይተው፣ ካህናቱን ቀበሩ፤ በዓመቱም መስቀል ባለፈ ቅዳሜ ተመልሰው ወጡ። የአምባው ጉዞ የተጀመረው እንዲያ ነው።"

ሁለተኛው የጣሊያን ምሽግ ነው፤ ካቡ ፈርሶ ቁልቋል በቅሎበታል። "እዚህ አርባ ወታደር ሰፍሮ ነበር። አገሩን ያዝን ብለው ከገቡ በኋላ መውረድ ፈሩ፤ ክረምቱን ሙሉ ከዚሁ ካብ ውስጥ ተቀምጠው አጋሰሳቸውን በሉ።"

አዛዡ ሳቀ። "ለእኔ ነው የሚነግሩኝ?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው የነገርኩት፤ ቃል አልለወጥኩም።"

ሦስተኛው የሰባ ሰባቱ ረሃብ መቃብር ነው፤ ስም የሌላቸው የድንጋይ ክምሮች ወይራው ሥር ተደርድረዋል። ጉሬዛ በር የምትጀምረው ከመጨረሻው ክምር ጀርባ ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። መምህር ፍቅሩ በደኅናው ጊዜ ከዚህ ቦታ ላይ ቆመው የሚያውቋቸውን ሙታን አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር፤ ዛሬ ግን "የረሃብ መቃብር ነው" ብለው አለፉ። "ዘለልክ!" ብሎ የሚያርማቸው ሽማግሌ አልነበረም፤ ያረማቸው አዛዡ ሆነ።

"ለምን ቸኮሉ?"

"ሁለት ወንድሞቼ እዚህ ናቸው። ጠመንጃ ይዞ የሚቆምባቸው ሰው አልወድም።"

እውነት ነበር። አዛዡ ዓይናቸውን አየት አደረገና ጠመንጃ ያዦቹ ወደ ኋላ እንዲሉ በእጁ አመለከተ። ደግ ነገር ሲደረግልህ ይበልጥ የምትፈራበት ቀን አለ፤ ለመምህሩ ያ ቀን ዛሬ ነበር።

ከዚያ ዋርካው ዘንድ ደረሱ። የሐብሩ ሰው ደም ሲቃባ የሚታረቀው በዚህ ዛፍ ሥር ነው። ገዳይ "እኔ ነኝ" ወይም "እኔ አይደለሁም" የሚለው ጫማውን አውልቆ፣ ቀኝ እጁን ከዛፉ ቅርፊት ላይ አድርጎ ነው፤ ቄሱም ሼሁም ይቆማሉ፤ "ከዋሸሁ ዘሬ አይብቀል" ይባላል፤ ከተባለም በኋላ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። ፍርድ ቤት የለቀቀው ሰው እዚህ ደርሶ "እኔ ነኝ" ብሎ ያውቃል። በዚያ ዛፍ ሥር የዋሸ ሰው አለ ሲባል በአገሩ ተሰምቶ አያውቅም።

አዛዡ፣ ወይ ጉድ! ጎንበስ ብሎ የቡትስ ጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

"አያቴ ራያ ናቸው" አለ በባዶ እግሩ ቆሞ። "እንዲህ ያለ ዛፍ ነበራቸው። ልጅ ሆኜ አንድ ሰው ከሥሩ ሲምል ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሰው መግረፍ አልወድም፣ መምህር፤ የተገረፈ ሰው ያገኘውን ይናገራል። ስለዚህ እዚህ አመጣሁዎ። ከአምባው ጀርባ ሰው የሚወጣበትና የሚገባበት መንገድ የት ነው? ምለው ይንገሩኝ፤ ብልቃጡን ይዘው ይውረዱ።"

መምህር ፍቅሩ ጫማቸውን አወለቁ። ዝም ቢሉ፣ ጥሩወርቅ ሦስት ቀን አላት። እውነቱን ቢናገሩ፣ ነኢማ ምናልባት ዛሬ ማታ መድኃኒቱን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ጉሬዛ በር ላይ ትደርሳለች፤ ጠመንጃ ይቀበላታል። ቢዋሹስ? ዘራቸው ማለት አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ማህሌት ደብረ ብርሃን ነው ያለችው፤ ሁለት ጊዜ አስወርዷት በሦስተኛው ስድስት ወር ገብታ ነበር ስልክ ሲቋረጥ። ዘሬ አይብቀል ማለት በዚያች ልጅ ማሕፀን መማል ነው። ታሪክ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አያምንም ይሉ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ያምኑ ነበር፤ ከልባቸው ያምኑ ነበር።

እጃቸውን ከቅርፊቱ ላይ አሳረፉ።

"መንገዱ በምሥራቅ ነው" አሉ፤ በግራ እጃቸውም ጠቆሙ። "ከቁልቋሉ ሥር ተነሥታ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ከዋሸሁ ዘሬ አይብቀል።"

በምሥራቅ በኩል በእርግጥ የከብት ዱካ ነበረች፤ ወንዙ ዳር ደርሳ የምትቀር፣ ወዴትም የማትወስድ። አዛዡ ሌላ ቃል አልጠየቀም። ጫማውን አጠለቀና ሁለቱን ብልቃጥ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው፤ ከመጀመሪያውም ይዟቸው ነበር። የውኃ ጀሪካኑን ያወረደው ሙጃሂድ ከሩቅ ቆሞ፣ ቃሉን ባይሰማም፣ እጁ ከዛፉ ላይ ሲያርፍ፣ ጣቱ ሲጠቁም፣ ብልቃጡም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አየ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብልቃጦቹን ሲያዩ አልተደሰቱም። "ምን ሰጥተህ ነው?" አሉ። መምህሩ ከሚስታቸው የደበቁት ነገር ስላልነበራቸው ሁሉንም ነገሩ። ወይዘሮዋ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"በማህሌት? ገና ባልተወለደ ልጅ ላይ? እኔ ስልሳ ዓመት የጠገብኩ ሴትዮ እንድኖር ብለህ?"

"ለአንቺ ብቻ አይደለም። ነኢማስ? የሚወጣው የሚገባውስ ሰው?"

"ዝም ትል ነበራ! እኔ እሞት ነበር፤ ሰው ይሞታል!" ብለው ጮኹ። ብልቃጦቹን ማሰሮው ውስጥ ከተው ከደኑና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

አሮጌዋ ብልቃጥ ካለቀች በኋላም አዲሱን አልነካም አሉ። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ፤ ምላሳቸው ደረቀ፤ ውኃ ጠጥተው አይረኩም፤ ትንፋሻቸው የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ጀመር። መምህር ፍቅሩ፣ ተማሪ ሲንበረከክ የሚቆጡ ሰው፣ ከአልጋው ግርጌ ተንበረከኩ። "ጥሩዬ፣ ምያለሁ፤ የማልኩት አይመለስም። አንቺ ብትሞቺ ልጅቱን አያድናትም። እኔን ብቻዬን ከዚህ መሐላ ጋር አትተይኝ።" ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን ዘርግተው መርፌውን ተቀበሉ። ከወጉትም በኋላ፣ "በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኃጢአቱ የጋራችን ነው" አሉ።

በማግሥቱ ነኢማ መድኃኒቱን ይዛ በጉሬዛ በር ገባች። ወታደሮቹ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ወርደው ቁልቋሉን ሲጠብቁ ነበር አለች፤ "አምባውን የሚጠብቀው ቅዱስ ሰው፣ ወልዩ፣ ዓይናቸውን ጋረደልን፤ ወላሂ ሌላ አይደለም!"

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ወጣ። ከተማይቱ እልል አለች፤ ከእልልታው ቀጥሎም ማን ምን አደረገ የሚለው ጥያቄ መጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መምህር ፍቅሩ ስለ ራሳቸው የሚባለውን የሰሙት ከሁሉ በኋላ ነበር። ሙጃሂድ ያየውን ተናግሯል፤ ሐሰት አልጨመረበትም። የቀረውን ሰዉ ራሱ አሰበው፤ በዋርካው ሥር ምሏል፤ በዋርካው ሥር ደግሞ አይዋሽም፤ ስለዚህ ጉሬዛ በርን አሳይቷል፤ መንገዷ ሳትዘጋ የቀረችው በወልዩ ጥበቃ ነው። ምን ይጎድለዋል? የሠፈሩ ቅሬ፣ እድሩ ማለት ነው፣ ለቅሶ ሲደርስ አልጠራቸውም፤ ሠርግ ሲሆን አልጠራቸውም፤ አንድ ማለዳ በራቸው ላይ በከሰል "ባንዳ" ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። መምህሩ ቆመው አነበቡት፤ ውኃና ጨርቅ አምጥተው አጠቡት።

ለምን አልተናገሩም? ስልክ እየጠበቁ ነበር። ልጁ ሞቶ ተወልዶ ከሆነ አፋቸውን የሚከፍቱበት አንጀት አልነበራቸውም። ጥር ውስጥ ስልኩ ሲመለስ ግን ባልና ሚስት ስልኩን መካከላቸው አስቀምጠው ተፋጠጡ፤ ቁጥሩን ሁለቱም ያውቁታል፤ የሚደውል ጠፋ። ከቀትር በኋላ ስልኩ ራሱ ጮኸ።

"አባዬ! እማዬስ? አላችሁ? ሴት ልጅ ናት፤ ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ ጩኸቷን አትሰሙም?"

ሁለቱም አለቀሱ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንባቸውን ሳይጠርጉ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ተነሥ፣ ሂድና ስምህን አጽዳ!" ብለው ነጠላቸውን አቀበሏቸው፤ መምህር ፍቅሩም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው በአውራ መንገዱ ሄዱ።

የሄዱት ወደ ሼህ ኡበይደላ ነበር፤ የዋርካው ሽማግሌዎች አለቃ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ መምህሩን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ሰው። ሁሉንም ነገሯቸው። ሼሁ መስቢሐቸውን እየቆጠሩ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"አልሐምዱ ሊላህ፤ እኔስ ልቤ ባንዳ ነህ ብሎ አልተቀበለኝም ነበር" አሉ። ከዚያ ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ለሌላ ሰው ተናግረሃል?"

"ገና ነኝ። እርስዎ ሽማግሌዎቹን ይሰብስቡልኝ ብዬ ነው የመጣሁ።"

"ፍቅሩ፣ በግርግሩ ጊዜ በከብት ምክንያት የተገዳደሉትን ሁለት ቤተሰቦች ታውቃለህ። ክላሽ የሌለው ወንድ ከመካከላቸው የለም። እስከ ዛሬ ያልተላለቁት በየካቲት ዋርካው ሥር ይማላል ስላልናቸው ነው። አሁን አንተ ተነሥተህ 'በዛፉ ሥር ዋሽቻለሁ፤ የልጅ ልጄም በደኅና ተወለደች' ብትል፣ የዛፉን መሐላ ማን ይፈራዋል? የአንዱን ወገን ቃል ሌላው በምን ያምነዋል?"

"እኔ የዋሸሁት ነፍስ ለማዳን ነው!"

"አውቃለሁ። አላህም ያውቃል። እነሱ ግን የሚሰሙት ዋሽቶ ምንም አልሆነም የምትለዋን ብቻ ነው።"

መምህር ፍቅሩ ንዴታቸው ገነፈለ። "ታዲያ ባንዳ ተብዬ ልሙት? ሠላሳ አንድ ዓመት የአገሩን ታሪክ ሳላዛባ መስክሬ የራሴ ይዛባ?"

ሼህ ኡበይደላ ከመቀመጫቸው ወርደው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ የመምህሩን ጉልበት ያዙ። "አላዝህም። ስምህን እንድትተውልኝ ለምኜህ ነው" አሉ።

መምህሩ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ቤታቸው ሲደርሱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ፊታቸውን አይተው ገለል አሉላቸው። መምህሩን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ መጀመሪያ ከተማይቱ ተይዛ ነበር፤ አሁን ከተማይቱ ተለቅቃ እሳቸው ብቻ ተይዘው ቀሩ።

በየካቲት አጋማሽ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ ከደሙ ጉዳይ በፊት የመምህር ፍቅሩ ጉዳይ ቀረበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "በዚህ ዛፍ ሥር ለጠላት ምለሃል?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ምያለሁ።"

"መንገድ ጠቁመሃል?"

"ጠቁሜያለሁ።"

"መድኃኒትስ ተቀብለሃል?"

"ተቀብያለሁ።"

ሦስቱም እውነት ነበር። ዋሽተሃል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ማን ያስበዋል? ሼህ ኡበይደላ መሬት መሬት ያዩ ነበር። መምህር ፍቅሩ ከእንግዲህ ወይራ አምባን እንዳይወጡ፣ በምልክቶቹም ላይ እንዳይመሰክሩ ተፈረደ፤ ሕመምተኛ ሚስት ስላላቸው ሌላው ቅጣት ቀረላቸው። እሳቸው ብቻቸውን ቁልቁል ሲወርዱ የሁለቱ ቤተሰብ ሰዎች ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። ገዳዩ እጁን ከዛፉ ላይ አድርጎ "እኔ ነኝ" አለ፤ ካሣው ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ከሁለቱ ቤት አንድም ሰው አልሞተም።

አገሩ ከዚያም በኋላ ፈጽሞ አልረጋም፤ ሰላም በሆነበት መስከረም ሁሉ ግን ሰዉ አምባውን ይወጣል። ምስክርነቱን የሚሰጠው አሁን ናሆም የተባለ ወጣት መምህር ነው፤ የመምህር ፍቅሩ ተማሪ የነበረ፣ ስማቸውን በአደባባይ ላለመጥራት የሚጠነቀቅ ጨዋ ልጅ። የማህሌት ልጅ ሦስት ዓመት ካለፋት በኋላ በመጣችበት መስከረም አያቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጇን ይዘው አወጧት። መምህሩ በራቸው ላይ ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ጸጉሯ ላይ አበባ ሰክታ እየሮጠች መጣች፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከኋላዋ ቀስ ብለው ደረሱ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

"አባባ! ትልቁ ዛፍ ጋ አንድ ሰውዬ ነበረ አሉ። ለመጥፎ ሰዎች መንገድ አሳየ። ውሸት መናገር አቃተው፣ ዛፉን ፈርቶ። እውነት ነው?"

መምህር ፍቅሩ አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ሙቀቷ ደረታቸው ላይ ተሰማቸው።

"እንዲያ ነው የሚነገረው፣ ልጄ" አሉ። "ደኅና አድርገሽ ሰምተሻል።"

ስለዚያ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። በጉሬዛ በር ስንት ሰው እንደ ወጣና እንደ ገባ ግን የቆጠረው የለም፤ የወጡትም ያዳናቸው ወልዩ እንደ ሆነ ያምናሉ፤ ስለት ያገባሉ። ዋርካውም ይኸው ዛሬም ያስታርቃል፤ ሰዎች በቃሉ ተማምነው ጠመንጃቸውን ያወርዳሉ። ያን ሁሉ ደግፎ ያቆመው የአንድ ሰው ዝምታ መሆኑን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሼህ ኡበይደላ ባለፈው ረመዳን አረፉ፤ አሁን ሁለት ቀርተዋል።